ከአምስተኛ ክፍል እስከ ሃይ ስኩል በር፦ የወንዶች ልጆች ትምህርትና የስሜት ጤና በሂሊያርድ

በአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት፣ በሂሊያርድ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሚማር ልጅ አምስተኛ ክፍልን ሲጨርስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ይሰናበታል። የትምህርት ዲስትሪክቱ ለብዙ ዓመታት ስድስተኛ ክፍልን ለብቻው አውጥቶ ስቴሽንና ታርፕ በተባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሲያስተምር ቆይቷል። ልጁ እዚያ አንድ ዓመት ብቻ ተቀምጦ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ወደሚሰጡባቸው ሄሪቴጅ፣ ሜሞሪያል ወይም ዊቨር መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ይዛወራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ዴቪድሰን፣ ዳርቢ ወይም ብራድሌይ ሃይ ስኩል ይጠብቀዋል። ከአሥራ አንድ ዓመቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ድረስ ሦስት ጊዜ በአዲስ በር ይገባል ማለት ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ ስሙን፣ ጠባዩን፣ የሚከብደውንና የሚቀለውን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ።

ይህ አደረጃጀት ኢትዮጵያ ውስጥ ለተማረ ወላጅ እንግዳ ነው። በአገር ቤት ልጁ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግቢ ያድጋል፤ የክፍል ጓደኞቹ ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ናቸው፤ ደወል ሲደወል ክፍል የሚቀይረው መምህሩ ነው፣ ተማሪው ከወንበሩ አይነሳም። ወላጅ የሚያነጋግረው የክፍል ኃላፊ መምህር አለ። ዘበኛውም፣ ከበሩ ላይ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮም ልጁ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። በሂሊያርድ ሚድል ስኩል መምህሩ በክፍሉ ይቀመጣል፤ የሚዞረው ተማሪው ነው። በየክፍለ ጊዜው የሚቀመጡት ልጆችም ይለያያሉ። በቀን ስድስት ሰባት መምህራን ያዩታል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ግን የለም። ጠዋት አንገቱን ደፍቶ የገባ ልጅ ከሰዓት በኋላም አንገቱን እንደደፋ መውጣቱን የሚያስተውል አንድ ሰው ላይገኝ ይችላል።

ሂሊያርድ ከኮለምበስ በስተምዕራብ፣ በ1853 የባቡር ጣቢያ ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትምህርት ዲስትሪክቷ ወሰን ከከተማዋ ወሰን አልፎ ወደ ኮለምበስ ይዘልቃል፤ ስለዚህ የቤታቸው አድራሻ ኮለምበስ ሆኖ ልጆቻቸው በሂሊያርድ የሚማሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። አባት በመጋዘን የማታ ፈረቃ ይገባል ወይም ኡበር ይነዳል፤ እናት በአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ቅዳሜና እሁድን ጨምራ ትሠራለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዱ ወላጅ ተኝቷል፣ ሌላው ወጥቷል። ሦስቱ የሕንጻ ለውጦችና የፈረቃ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ፣ ልጁ ትልቅ ሰው ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልገው ዕድሜ ላይ በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ሰዎች ይመናመናሉ። የዚህ ዕድሜ ወንዶች ችግር ብዙ መልክ ቢኖረውም፣ አብዛኛው ሲፈተሽ ወደዚሁ ይመለሳል።

ጃክሊን ኤክልስና ካሮል ሚድግሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጻፏቸው ጥናቶች ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል። በዚህ ዕድሜ ልጁ የበለጠ ነጻነት፣ የበለጠ የራሱ ውሳኔ፣ ከወላጁ ውጭ ካለ ትልቅ ሰው ጋር የጠበቀ ግንኙነት ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በዚያው ሰዓት ደንቡን ያጠብቃል፣ ነጥብ ማወዳደርን ያበዛል፣ መምህሩንም ከልጁ ያርቃል። ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ይህንኑ ደገፉ። ጆና ሮኮፍና ቤንጃሚን ሎክውድ በ2010 በኒውዮርክ ከተማ፣ ጊዶ ሽዌርትና ማርቲን ዌስት ደግሞ በ2013 በፍሎሪዳ እንዳሳዩት፣ ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአንድ ትምህርት ቤት ከቆዩት ይልቅ በውጤታቸው ወደኋላ ቀርተዋል። ይህን ማወቅ ሂሊያርድን ለመውቀስ አይደለም፤ የስድስተኛ ክፍል ሕንጻ የራሱ ጥቅም አለው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሆነውን ልጅ ከአሥራ አራት ዓመት ጎረምሶች ለይቶ ያቆየዋል። የወላጅ ጥቅሙ ግን የውጤት መውረድ ሲመጣ «ልጄ ሰነፈ» ብሎ ከመደምደም በፊት የሕንጻው መቀየርም ድርሻ እንዳለው ማወቁ ነው።

የልጁ አካል በበኩሉ የራሱን ለውጥ ይጀምራል። ወንዶች ጉርምስና የሚጀምራቸው አብዛኛውን ጊዜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የቁመት ሩጫቸው የሚበረታው በአሥራ ሦስትና በአሥራ አራት ዓመት አካባቢ፣ ከሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የሰባተኛ ክፍል መተላለፊያ ላይ የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል፦ ድምፁ የጎረነነና ከንፈሩ ላይ ጥቁር ጭረት ያወጣ ልጅ፣ ከአጠገቡ ደግሞ ቦርሳው ከወገቡ በታች የሚደርስ ልጅ። ሁለቱም አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ በስፖርት ምርጫም ሆነ በመልበሻ ክፍል የሚደርስበትን ውርደት ቤት ውስጥ አይናገርም። ቀድሞ ያደገው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ ቁመቱን ያየ ሰው ሁሉ የትልቅ ሰው አስተሳሰብ ይጠብቅበታል።

ይህ ሁለተኛው ዕዳ ለኢትዮጵያዊ ልጅ በአሜሪካ ይብስበታል። ፊሊፕ ጎፍና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥቁር ወንዶች ልጆች ከአሥር ዓመት ጀምሮ ከእውነተኛ ዕድሜያቸው በላይ እንደሆኑና ከሌሎች እኩዮቻቸው ያነሰ የልጅ የዋህነት እንዳላቸው ተደርገው ይታያሉ። ወላጅ ልጁን «አበሻ» ብሎ ያሳድገዋል፤ መንገድ ላይና መተላለፊያ ላይ የሚያየው ሰው ግን ጥቁር ልጅ ብቻ ነው የሚያየው። በዚህ ላይ የቤት ጨዋነት ራሱ በትምህርት ቤት በተቃራኒው ይነበባል። ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይንን መስበር፣ መልስ አለመመለስ፣ ዝም ማለት በኢትዮጵያዊ ቤት አክብሮት ነው፤ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ግን ጥፋተኛነትን መደበቅ ወይም ማናናቅ ሊመስል ይችላል። ልጁ ሁለቱንም አነባበብ እንዲያውቅ፣ በየትኛው ቦታ የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ በቤቱ መለማመዱ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

እንቅልፍ ከአካል ለውጡ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ግን በቤት ውስጥ እንደ ስንፍና የሚቆጠር ጉዳይ ነው። በጉርምስና መጀመሪያ አንጎል የእንቅልፍ ሆርሞን የሚያመነጭበት ሰዓት ወደ ሌሊቱ ይገፋል፤ ልጁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፍ አልመጣልኝም ሲል አይዋሽም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 መካከለኛና ሃይ ስኩሎች በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላሉት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያዛሉ። የፈረቃ ሥራ ባለበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። አባት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲገባ ልጁ ነቅቶ የሚጠብቀው ሌላ ጊዜ ስለማያገኘው ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ መፍትሔው ልጁን መቆጣት ሳይሆን በሳምንቱ ውስጥ አባትና ልጅ የሚገናኙበት ሌላ የታወቀ ሰዓት መፈለግ ነው። ስልክና አይፓድ ግን ከመኝታ ክፍል ውጭ ማደር አለባቸው፤ በዚህ ላይ ድርድር አያስፈልግም።

በትምህርቱ በኩል የወንዶች ድክመት ቀድሞ የሚታየው በማንበብ ነው። የ2018ቱ ዓለም አቀፍ የፒሳ ፈተና በተሰጠባቸው አገሮች ሁሉ የአሥራ አምስት ዓመት ሴቶች በንባብ ወንዶችን በልጠዋል፤ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮች አማካይ ልዩነቱ 30 ነጥብ ነበር። በሒሳብ ወንዶች በ5 ነጥብ ብቻ ቀድመዋል። በኦሃዮ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በእንግሊዝኛና በሒሳብ የስቴት ፈተና ይወስዳሉ፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ግን የንባቡ ድክመት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይቀርም። የሳይንስ መጽሐፉ፣ የታሪክ ምንባቡ፣ የሒሳቡ የቃላት ጥያቄ ሁሉ ንባብ ይሆናል። ሒሳብ ጎበዝ የነበረ ልጅ በሰባተኛ ክፍል ድንገት ሲወርድ፣ የከበደው ቁጥሩ ይሁን ዓረፍተ ነገሩ ማጣራት ያስፈልጋል።

ከአገር ቤት ዘግይቶ ለመጣ ልጅ ይህ በእጥፍ ይከብዳል። ጂም ከሚንስ የተባለው የካናዳ ምሁር ከአርባ ዓመት በፊት እንዳሳየው፣ የጨዋታ እንግሊዝኛ በአንድና ሁለት ዓመት ይለመዳል፤ የመማሪያ እንግሊዝኛ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ልጁ በአውቶቡስ ውስጥ እንደ አሜሪካዊ ሲቀልድ የሰማ ወላጅም ሆነ መምህር «እንግሊዝኛውማ ችሏል» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝቅተኛ ውጤት በስንፍና ይተረጎማል። ሌላው የተለመደ ስህተት እንግሊዝኛው እንዲሻሻል ቤት ውስጥ አማርኛን መተው ነው። ወላጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከሚያወራው ይልቅ በሙሉ አማርኛ ቢተርክለት፣ ቢከራከረው፣ ዜና ሰምተው ቢጨቃጨቁበት ልጁ የማሰብን ቋንቋ ያገኛል፤ ያም ወደ እንግሊዝኛው ይሻገራል። አማርኛ የጠፋበት ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበት ጥልቅ ቋንቋ አይኖረውም፤ ይህ ጉዳት ከማንኛውም የፈተና ውጤት ይበልጣል።

የቤት ሥራው ጉዳይ ለብቻው ቢታይ ይሻላል፤ በሂሊያርድም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ሚድል ስኩል የወንዶችን ውጤት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን አለማስረከብ ነው። አንድ ልጅ ከአሥር የሚታረሙ አምስት ሥራዎች ነበሩት እንበል። አራቱን ሠርቶ በእያንዳንዱ 9 አገኘ። አምስተኛውንም ሠርቷል፤ ወረቀቱ ግን ቦርሳው ግርጌ ተጨማድዶ ቀርቷል፣ ወይም በአይፓዱ ጽፎ «አስረክብ» የሚለውን ሳይነካ ዘግቶታል። ውጤቱ 36 ከ50፣ ማለትም 72 በመቶ ይሆናል። የኤ ተማሪ የነበረው በተለመደው አሰጣጥ ሲ ሆነ። ኢትዮጵያ ውስጥ በወር ፈተናና በማጠቃለያ ፈተና የሚመዘን ልጅ አንድ ደብተር በመርሳቱ እንዲህ አይወድቅም፤ ስለዚህ ወላጁ «አጥና» ይለዋል፣ ልጁም ያጠናል፣ ውጤቱ ግን አይነሳም። የሚጠቅመው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሁድ ማታ፣ ልጁና ወላጁ የውጤት መመልከቻውን ጎን ለጎን ከፍተው ያላስረከባቸውን ሥራዎች መቁጠር ነው። የሚቆጥረው ልጁ ቢሆን ይመረጣል። ወላጁ እንግሊዝኛ ማንበብ ባይችልም «ስንት ቀረህ? የትኛው ይቅደም?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ያ ጥያቄ ከማንኛውም የሒሳብ ማስጠናት ይልቅ የሚያስፈልገው ነው።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው የአገር ቤት ጥያቄ ግን እዚህ መልስ የለውም፤ የውጤት ካርዱ ላይ ደረጃ አይጻፍም። ከዘመድ ልጅ ጋር ማወዳደርም በዚህ ዕድሜ ያለውን ወንድ ልጅ ከማነሣሣት ይልቅ እጁን እንዲሰጥ ያደርገዋል፤ የተሸነፈበትን ውድድር «ድሮም አልፈልገውም» ብሎ መተው ክብሩን የሚጠብቅበት ቀላሉ መንገድ ነው።

ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው ከሌለ በአቅራቢያው ቦታ አለ። የኮለምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት በ2018 የከፈተው አዲሱ የሂሊያርድ ቅርንጫፍ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የቤት ሥራ በነጻ የሚያግዙ ሰዎች አሉት። በ2000 በኮለምበስ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎትም ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን ያስጠናል። የእነዚህ ቦታዎች ጥቅም ከትምህርቱ ያለፈ ነው፤ ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያገኘው፣ ስሙን የሚጠራው፣ ባለፈው ማክሰኞ ምን እንደከበደው የሚያስታውስ ትልቅ ሰው ይኖረዋል።

እንዲህ ያለ ሰው በአገር ባህል አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ በዚሁ በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ከቤቱ ወጥቶ ደበሎ ለብሶ የቆሎ ተማሪ ይሆን ነበር። ኑሮው መራራ ነበር፤ ረኃቡና አርጩሜው መመኘት የለበትም። ነገር ግን የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ፊታቸው አስቀምጠው ያስነብቡታል፤ ቀድሞ የዘለቀው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽለዋል። የማይታወቅ ተማሪ አልነበረም። በኮለምበስ ባሉ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የዚህ ቅሪት በሰንበት ትምህርት ቤትና በድቁና አገልግሎት ይታያል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ ለብሶ መቅደስ ሲቆም፣ ግዕዙን ቢያዛባ የሚያርመው መሪጌታ፣ ከእሱ የሚማር ትንሽ ልጅ፣ ደግሞም በጉባኤው ፊት የሚታይ ሥራ ያገኛል። በመስጊድ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ወላጆች ይህን ሃይማኖትን ለማስተማር ብቻ ያስቡታል፤ ለስሜት ጤናውም ቢሆን ከብዙ ምክር የሚበልጥ ነው። የትምህርት ቤት ስፖርትም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ልጁ ለትምህርት ቤቱ ሊሮጥ፣ ሊታገል ወይም ኳስ ሊጫወት ይችላል፤ «ትምህርትህን ይሻማብሃል» ብሎ ማስቀረት የለመደ ወላጅ፣ አሠልጣኙ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ልጁን የሚያይ ብቸኛ ትልቅ ወንድ ሊሆን እንደሚችል ቢያስብ ይጠቅመዋል። በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከአራት መምህራን ሦስቱ ሴቶች ናቸውና።

የስደተኛ ልጆችን ለአምስት ዓመት የተከታተሉት ካሮላ ሱዋሬዝ ኦሮዝኮና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ ሴቶቹ ልጆች በትምህርት ከወንዶቹ እንደሚሻሉ ጽፈዋል። ምክንያቱን ኢትዮጵያዊ ወላጅ ያለ ጥናት ያውቀዋል። ሴቷ «የት ነበርሽ? ከማን ጋር?» ትባላለች፤ ወጥ ቤት ከእናቷ ጋር ቆማ ሽንኩርት እየከተፈች ቀኗን ታወራለች። ወንዱ ይበላል፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ «ወንድ ነው፣ ይለቀቅ» ይባላል። ነጻነት የሚመስለው ነገር ሲጠራ መረሳት ነው። ወንዱንም ወጥ ቤት ማስገባት፣ ሽንኩርቱን ማስከተፍ፣ ታናሹን እንዲያስነብብ ማድረግ ለወሬ በር ይከፍታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ዛሬ ምን ሆንክ?» ሲባል «ምንም» የሚል ልጅ፣ እጁ ሥራ ይዞ ወይም መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ብዙ ይናገራል።

ስሜቱን በተመለከተ ትልቁ መሰናክል የወንድ ልጅ ሐዘን ሐዘን አለመምሰሉ ነው። ሐኪሞች የሚመሩበት የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ በልጆችና በታዳጊዎች ዘንድ የመንፈስ ጭንቀት ከማዘን ይልቅ በመነጫነጭ ሊገለጽ እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። ቤት ውስጥ ይህ «ባለጌ ሆነ» ይባላል። በር ማጋጨት፣ ታናሹን መምታት፣ ይወደው የነበረውን ኳስ መተው፣ ያለ በሽታ ጠዋት ጠዋት ሆድ ቁርጠት፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ማጣት፤ እነዚህ ለሳምንታት ሲከታተሉ ጥያቄው «ማን አሳመፀው?» መሆኑ ቀርቶ «ምን ሆኖ ነው?» መሆን አለበት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያለ ቤት መልሱን ለማግኘት ብዙ ይቆፍራል።

ናዮቢ ዌይ የተባለች ተመራማሪ በ2011 ባሳተመችው ሥራ፣ ወንዶች ልጆች በጉርምስና መጀመሪያና አጋማሽ ስለ ልብ ጓደኞቻቸው በፍቅርና በግልጽነት እንደሚናገሩ፣ በጉርምስና ማብቂያ ግን ያን ግልጽነት እንደሚተዉ አሳይታለች። ስለዚህ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ሲዛወሩ የልብ ጓደኛ ወደ ሌላ ሕንጻ ቢመደብ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ትልልቅ ሰዎች «ሌላ ጓደኛ ታገኛለህ» ብለው የሚያልፉት ነገር ለልጁ የመጀመሪያው እውነተኛ ማጣት ሊሆን ይችላል። የጓደኛ ተጽዕኖ ሌላ ገጽም አለው፦ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 ባደረጉት ሙከራ ታዳጊዎች ለብቻቸው ሲሆኑ ከሚደፍሩት ይልቅ እኩዮቻቸው ሲያዩአቸው እጅግ የበዛ አደጋ ደፍረዋል። ለብቻው ሲጠየቅ አመዛዛኝ የሆነው ልጅ በሦስት ጓደኞቹ ፊት ሌላ ሰው የሚሆነው አስተዳደጉ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል። የጓደኞቹን ስም ማወቅ፣ ቤት ጠርቶ እንጀራ ማብላት ከመከልከል የተሻለ ይሠራል።

ስልክን በተመለከተ ሕጉ ለወላጅ ግማሽ መንገድ ሄዶለታል። ኦሃዮ በ2024 ትምህርት ቤቶች የስልክ ደንብ እንዲያወጡ አዝዛ ነበር፤ በ2025 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ስልክ መጠቀም እንዲከለከል አደረገ። የቀረው ግማሽ፣ ማለትም ከትምህርት ቤት መልስ እስከ እኩለ ሌሊት ያለው፣ የቤት ጉዳይ ነው።

ቅጣት ላይ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሁለት ጫፎች ይታያሉ። አንዱ እንደ አገር ቤት መግረፍ ነው። ሌላው ደግሞ «እዚህ አገር እጃችንን አስረውናል፣ 911 ይደውልብናል» ብሎ ከነጭራሹ መተው ነው። ሁለተኛው በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ከመጀመሪያው የማይተናነስ ጉዳት አለው፤ ልጁ ወላጆቹ እንደፈሩት ያውቃል፣ ፈሪ ወላጅ ደግሞ ሊጠብቀው አይችልም። ዳያና ባምሪንድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው ሦስተኛው መንገድ ጥብቅ ደንብና ሙቀት አንድ ላይ የሚሄዱበት ነው፤ ደንቡ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱ ይነገራል፣ ሲጣስ አስቀድሞ የታወቀው ነገር ይከተላል፣ ስድብ ግን የለም። «ደንቆሮ» የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተከለከለውን ጨዋታ በሳምንቱ ይረሳል፤ ቃሉን አይረሳም።

አንዳንድ ልጅ ከዚህ ሁሉ በላይ የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዳለው በ2022 ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ተለይቶ የታወቀባቸው ወንዶች ልጆች 15 በመቶ ሲሆኑ ሴቶች 8 በመቶ ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ወላጅ «ስፔሻል ኤጁኬሽን» የሚለውን ሲሰማ ልጁ የአእምሮ ዘገምተኛ የተባለ ይመስለውና አልፈርምም ይላል። ከ1975 ጀምሮ ያለው የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው ግን መብት ነው፦ ወላጅ ልጁ እንዲመረመር በጽሑፍ ከጠየቀ፣ በኦሃዮ ዲስትሪክቱ በ30 ቀን ውስጥ ፈቃድ መጠየቅ ወይም እምቢ ያለበትን ምክንያት በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ወላጁ ከፈረመ በኋላም ምርመራው በ60 ቀን ይጠናቀቃል። በቃል የተጠየቀ ይረሳል፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል አይረሳም። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1974 ውሳኔ ነው። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ በጣም የተለመደ፣ በጣምም ጎጂ ልማድ ነው። መምህሩ «አይከታተልም» ሲል ልጁ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ ሊተረጉም ይችላል። እውነቱን ቢተረጉም ደግሞ የራሱን ክስ በራሱ አፍ ለእናቱ ማቅረቡ ነው።

ከዚህም የከፋው አደጋ በዝምታ መታለፍ የለበትም። በአሜሪካ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ዓመት ባሉ ልጆች ዘንድ ራስን ማጥፋት ከሞት ምክንያቶች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። ኦሃዮ በ2020 ማብቂያ ባወጣችው ሕግ ከስድስተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ስለዚሁ ትምህርት እንዲያገኙ ደንግጋለች፤ ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤት የሰማውን ቃል ቤት ውስጥ መጥራት ሐሳቡን አያስገባበትም። «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል፣ ይገባልም። ከ2022 ሐምሌ ጀምሮ 988 በስልክም በጽሑፍ መልእክትም ሌት ተቀን ይሠራል። ኮለምበስ የሚገኘው ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል በ2020 ለልጆች የአእምሮ ጤና ብቻ ትልቅ ሕንጻ ከፍቷል። በቤቱ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ካለ ጥይቱ ተለይቶ፣ ሁለቱም ተቆልፈው መቀመጥ አለባቸው፤ የተደበቀ መሣሪያን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የት እንዳለ ያውቀዋል።

ስምንተኛ ክፍል ሲጋመስ ልጁ ለሃይ ስኩል የሚወስዳቸውን ትምህርቶች ይመርጣል፤ ቅጹ ብዙ ጊዜ ፊርማ ብቻ ተደርጎበት ይመለሳል። ወላጁ ከመፈረሙ በፊት ካውንስለሩን ቢያነጋግር፣ የልዩ ድጋፍ እቅድ ያለው ልጅ ከሆነም እቅዱ በአዲሱ ሕንጻ በማን እጅ እንደሚሆን በስም ቢጠይቅ ይበጃል። የእግር ኳስ ቡድኑም ሆነ የሙዚቃ ባንዱ ልምምድ የሚጀምሩት ትምህርት ከመከፈቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በክረምቱ ነው። ከአንዱ ጋር የተቀላቀለ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲጀምር ሕንጻው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ አንድ አሠልጣኝና ጥቂት ታላላቅ ተማሪዎች ይኖሩታል።